በአሮጌው ዊንዶውስ ውስጥ የቀረው ድምፅ

ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህችን ቃል ሰምታችኋታል። ቀርፋፋ ነው ስትሉት ጠጋኙ «ፎርማት ይደረግ» ይላችኋል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫን ማለቱ ነው። ቫይረስ ገብቶበታል ስትሉት «ፎርማት»። አልከፈት አለኝ ብትሉም ያው «ፎርማት»። እንደኛ አገር ሰው ፎርማት የሚወድ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ቃሏን በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ከሱቁ ወጥቼ እሄዳለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ያኔ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ የክር ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከአባቴና ከታናሽ እህቴ ከማህሌት ጋር እንኖር ነበር። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፣ የምቆጣውም እኔ ነኝ። ማህሌት «አንቺ እኮ ሰላም ስትይ ራሱ የምትሳደቢ ነው የሚመስለው» ትለኝ ነበር። ስሜ ደግሞ ሰላማዊት ነው።

አባቴ፣ መምህር ደምሴ፣ አቃቂ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ድምፁ ወፍራምና የተረጋጋ ነበር። ሰፈር ውስጥ ሠርግ ሲኖር፣ ልጅ ክርስትና ሲነሳ፣ መራቂ ሲፈለግ የሚጠራው እሱ ነው። ሲመርቅ አይቸኩልም። አንዱን ይልና ዝም ይላል። ሰዉ «አሜን» ብሎ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሌላውን ይቀጥላል። ልጆች ሳለን እኔና ማህሌት ጋቢ ለብሰን እንደሱ እየመረቅን እንጫወት ነበር፤ እሷ መራቂ፣ እኔ አሜን ባይ።

ከዚያ የጉሮሮ ካንሰር መጣ። ሐኪሞቹ ማንቁርቱን አወጡለት። ነፍሱ ተረፈች፣ ድምፁ ግን አብሮ ወጣ። አንገቱ ሥር በተከፈተች ቀዳዳ ይተነፍሳል። ሊናገር ሲሞክር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን በቀዳዳዋ የሚወጣ አየር ብቻ ነው። ደብተር ይዞ መዞር ጀመረ። መጻፍ ለእሱ ቀላል ነው፤ ችግሩ እስኪጽፍ የሚጠብቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ጎረቤቱ «እንዴት አደሩ ጋሼ» ብሎ፣ አባቴ እስክሪብቶውን ከኪሱ ሳያወጣ ደረጃውን ጨርሶ ወርዷል። ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ተወ።

አንድ ቀን ማህሌት ቁም ሳጥን ስትጠርግ አንድ ሲዲ አገኘች። ነገሩ ትዝ አለኝ። አባቴ ያስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ነበሩ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው የተጻፈ አማርኛ የሚያነብ ፕሮግራም ሊሠራላቸው መጣና ጥርት ያለ ድምፅ ሲፈልግ አባቴን አገኘ። አባቴ ከክፍል በኋላ የስፖርት ዕቃ መጋዘን ውስጥ እየተቀመጠ ፊደልን ከሀ እስከ ፐ፣ ከነዘሩ፣ አንድ በአንድ ማይክ ላይ አነበበለት። ፕሮግራሙ የአባቴን ፊደላት እየገጣጠመ የተጻፈለትን ሁሉ ይናገራል። ልጁ ሲመረቅ ለአባቴ አንድ ሲዲ ሰጥቶት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

ሲዲውን ወዲያው ላፕቶፔ ውስጥ ከተትኩት። ላፕቶፑ አዲስ ነው፣ ዊንዶውሱም አዲስ። ፕሮግራሙ እዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም አለኝ፣ አለቀ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ መልሱ አንድ ነው።

በማግስቱ ፋብሪካው ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የሚከታተለውን አቤልን ለመንኩት። አቤል ረጋ ያለ፣ ሁልጊዜ ጆሮው ላይ የማዳመጫ ገመድ የሚሰካ ልጅ ነው። ቤታችን መጥቶ ሲያብራራልኝ አባቴም አጠገቤ ነበር።

«ፕሮግራሙ የተሠራው ለድሮው ዊንዶውስ ነው» አለ። «አዲሱ አያውቀውም። የድሮውን እንዳንጭን ደግሞ ይሄ ላፕቶፕ አይቀበለውም። ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽን እንሠራለን።»

«በአማርኛ ንገረኝ» አልኩት።

«በላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንፈጥራለን። የሚነካ ነገር የለውም፤ ፋይል ነው፣ አንድ ትልቅ ፋይል። ግን ራሱን ሙሉ ኮምፒውተር አድርጎ ነው የሚያስበው። የድሮው ዊንዶውስ እዚያ ውስጥ ይኖራል፣ ፕሮግራሙም ዘመኑ የተቀየረ አይመስለውም። እንደ አከራይና ተከራይ በይው። አከራዩ አዲሱ ዊንዶውስ ነው፣ ተከራዩ አሮጌው።»

አባቴ ደብተሩ ላይ «ኪራይ እንዳይጨምርበት» ብሎ ጻፈ። አቤል ሳቀ።

ሲዲው ከጀርባው ተልጧል። ኮምፒውተሩ እያጓራ ያነበው ጀመር፣ ያቆማል፣ ይጀምራል። አቤል በጥጥ እየጠረገ ደጋግሞ ሲያስገባው ዋለና በመጨረሻ አነበበለት። «ይሄ ሁለተኛ አይነበብም» አለ ሲያወጣው። ስክሪኑ ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ያ የድሮው አረንጓዴ ሜዳና ሰማያዊ ሰማይ ተከፈተ። ፕሮግራሙን እዚያ ውስጥ ጫነና ላፕቶፑን ወደ አባቴ አዞረለት።

አባቴ ብዙ አሰበ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለማህሌት ላሳያት እየቀረጽኩ ነው። በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈ፣ ቁልፏን ተጫነ።

«ውሃ መጣ ወይ» አለ ድምፁ።

የኮንዶሚኒየም ሰው ይገባዋል፤ ውሃ በፈረቃ ነው። ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ አባቴ የጠየቀው እሱን ነው። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ማጥበቅና ማላላት አያውቅም፣ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ግን የሱ ነው። የአርባዎቹ ዕድሜ ድምፁ። አለቀስኩ፣ አቤልም መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። አባቴ ግን አስተማሪ ነውና ማሽኑ «መጣ» የምትለዋን ሳያጠብቅ በማንበቡ ራሱን ነቀነቀ።

ላፕቶፑን ለሱ ተውኩለት። በቦርሳ አንግቶት መውጣት ጀመረ። ፀጉር ቤት ይዞት ይሄዳል፣ ዕድር ይዞት ይሄዳል። ይከፍተዋል፣ አዲሱ ዊንዶውስ ይነሳል፣ ከዚያ አሮጌው ይነሳል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ። ረጅም ነው። በዚያ መሀል ጠረጴዛውን በጣቶቹ ይመታል፤ ሰዎችም ወሬያቸውን አልፈውት ይሄዳሉ። ሲደርስ የሚናገረው ያለፈውን ነው። ይህ ያበሳጨው ነበር።

የማህሌት ሠርግ ቀን ተቆረጠ። ዮናስ የሚባል ጨዋ ልጅ ነው ያገባችው። ማህሌት ስለ ቀሚስም ስለ መኪናም አልተጨነቀችም። «አባዬ ከመረቀኝ ሌላው ይቅር» አለች። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስታችን አስካለ፣ ፊቷን አጨፈገገች። «ምርቃት ከአፍ ነው የሚወጣው። የማሽን ምርቃት አለ እንዴ?»

አባቴ ላፕቶፑን ከፈተ፣ ጠበቅነው። «ድምፁ የኔ ነው» አለ ድምፁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርቃቱን ይጽፍ ጀመር። ስገባ ስክሪኑን ይከድናል። አንድ መስመር ይጽፋል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል፣ ያልጣመውን ቃል አውጥቶ ሌላ ይተካል። ከወጥ ቤት ሆኜ የምሰማው ማጉረምረሙን ብቻ ነው። በየመስመሩ መሀል ዝም የሚልበትን ርቀት ሲያስተካክል ግን ይታወቀኝ ነበር። ለ«አሜን» ቦታ እየተወ ነው።

ሠርጉ እሑድ ነው። ዓርብ ከሥራ ስመለስ አባቴ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ጉልበቱ ላይ ተከፍቷል። ስክሪኑ አዲስ፣ ንጹሕ፣ የማላውቀው ተራራ ያለበት ነው። ደብተሩን ዘረጋልኝ።

«ተከራዩ የት ሄደ?» ይላል።

«ማን ነካው አባዬ?» ጣቱን ወደ ታች ጠቆመ። ወደ ምድር ቤቱ ሱቆች።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ከሕንፃችን ሥር ነስሩ የሚባል የስልጤ ልጅ ኮምፒውተርና ስልክ ይጠግናል። ሰው የሚወደው፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነው። ገና ሳየው ጮህኩበት።

«ላፕቶፑን ምን አደረግከው?»

«እህቴ፣ ተረጋጊ፤ ምን ተበላሸ?» አለ ከመቀመጫው ተነስቶ። «ጋሼ ጠዋት መጥተው የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝ። በጣም ቀርፋፋ ሆኗል፣ እሑድ ሠርግ አለብን፣ ፈጠን አድርግልኝ ይላል። ሳየው እውነትም ሞልቶ ሊተነፍስ አልቻለም። ፎርማት ላድርገው ጋሼ? አልኳቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።»

«ከዚያስ?»

«ዶክመንቱንና ፎቶውን ላስቀምጥልዎት? አልኳቸው። ነቀነቁ። አስቀመጥኩ፤ ሁሉም አለ። ሌላ የሚፈለግ ነገር አለ? አልኳቸው።» ነስሩ የራሱን እጅ ዘርግቶ አሳየኝ። «እጃቸውን ወደ ላፕቶፑ ዘረጉ። ላፕቶፑ እኔ ጋ ነው፣ ገመድ ተሰክቶበታል፣ ሥራውን ጀምሬዋለሁ። ቶሎ በል ያሉኝ መሰለኝ። እሺ ጋሼ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል አልኳቸው።»

እዚያው በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ገባችሁ? አባቴ ፎርማት ማፍጠን ብቻ መስሎታል፤ ሌላ ነገር አለ ወይ ሲባል ሊመልስለት ነው እጁን የዘረጋው። ላፕቶፑን ይዤ ነው የምሄደው ብሎ ደብተሩንም እስክሪብቶውንም ቤት ትቷል። መናገሪያው ነስሩ እጅ ላይ ነው። ሰውየው ድምፁን አስረክቦ፣ ስለ ድምፁ ሲጠየቅ የሚመልስበት ድምፅ አልነበረውም።

«አንድ ትልቅ ፋይል አልነበረም?» አልኩት።

የነስሩ ፊት ተቀየረ። «ነበረ። ስሙ አልገባኝም። ፊልም መስሎኝ። ማስቀመጫ ዲስኬ ላይም አልበቃ አለ።»

ስለ አባቴ ድምፅ ነገርኩት። ነስሩ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ወላሂ አላወቅኩም» አለ። «ወላሂ። ጋሼ መምህር ደምሴ እኮ የወንድሜ አስተማሪ ነበሩ።» ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም እንዳለና ላፕቶፑን አምጥቼለት ሲፈልግ እንደሚያድር ነገረኝ። በር ላይ ሌሎች ደንበኞች ቆመው ነበር፤ ዛሬ ሥራ የለም ብሎ መለሳቸው።

ለአቤል ደወልኩ። «አትደንግጪ» አለኝ። «እኔ ጋ ኮፒ አለ።»

«አቤል፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ያኔ ስሠራው ወደ ራሴ ማስቀመጫ ዲስክ ገልብጬዋለሁ። ነገ ጠዋት ቤት ነኝ፣ ኑ።»

ወጥቼ ለአባቴ ስነግረው ዓይኑን ጨፍኖ በቀዳዳዋ ረጅም አየር ተነፈሰ። ማህሌት የሙሽራ ፀጉሯን ልትሠራ ወጥታ ነበር፤ ላንነግራት ተስማማን።

ቅዳሜ ጠዋት በነስሩ በኩል አለፍን። ነስሩ ዓይኑ ደፍርሷል። የፋይሉን ስም አግኝቶታል፣ መጠኑንም አግኝቶታል፤ ግን አይከፈትም። «አዲሱ ዊንዶውስ ላዩ ላይ ተጽፎበታል» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ላፕቶፑን ያዝንና በሚኒባስ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ አቤል ቤት ሄድን። አባቴ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፏል። ያ ተልጦ ያለቀ ሲዲም ኪሱ ውስጥ ነው። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ምርቃቱን እያጠና ነው። የጻፈው ነገር ሁሉ እዚያው አሮጌው ዊንዶውስ ውስጥ ስለነበር እሱም ጠፍቷል፤ ግን በቃሉ ያውቀዋል።

አቤል ቤት ውስጥ የሚቀመጥበት አንድ ሶፋና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። ማስቀመጫውን ሰካ። ትልቁ ፋይል አለ። በዓይኔ አየሁት። ከፈተው። ጥቁሩ ስክሪን መጣ፣ ከዚያ የድሮው ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያሰማት ያቺ አጭር ዜማ ተሰማች። አባቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተንሸራትቶ መጣ። አረንጓዴው ሜዳ ተከፈተ፣ ሰማያዊው ሰማይ። አባቴ ክንዴን ያዘኝ፤ ጥንካሬው ትዝ ይለኛል።

አቤል አይጧን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ነዳት። አንድ ነገር ከፈተ፣ ዘጋ። ሌላ ከፈተ። ጆሮው ላይ ያለውን ገመድ ነቀለ።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ፕሮግራሙ የለም።»

«እንዴት የለም? ሜዳው ይኸው እኮ ነው።»

«ኮፒውን የወሰድኩት ዊንዶውሱን እንደጫንኩ ነው» አለ ሳያየኝ። «ንጹሑን። ለሌላ ሰው ቢያስፈልግ ብዬ፤ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ከዚያ ነው ፕሮግራሙን የጫንኩት። ለካ መጨረሻውን ሳይሆን መጀመሪያውን ነው የያዝኩት። ሰላም፣ እኔ ያው ነው ብዬ…»

አልጨረሰውም። ተከራዩ ነበረ፣ የአባቴ ድምፅ ገና ያልገባበት ተከራይ። ያ ባዶ ሜዳ ፀሐዩ እንደበራለት ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ እንደዚያ ቀን የጠላሁት ሥዕል የለም።

ሲዲውን አስገባን። አጓራ። አወጣነው፣ ጠረግነው፣ አስገባነው። አቤል ከጎረቤት ሌላ ማንበቢያ ተዋሰ። ያኛው ጭራሽ ሲዲ መግባቱንም አላወቀም። ወደ ትምህርት ቤቱ የቀድሞ ርዕሰ መምህር ደወልኩ። ዓይነ ስውራኑ ይጠቀሙባቸው የነበሩት ኮምፒውተሮች ድሮ ተወግደዋል አሉኝ። ፕሮግራሙን የሠራውን ልጅ ስም እንኳ አያስታውሱትም፤ አባቴ የአባቱን ስም ሳይጠይቀው ቀርቶ «ዳንኤል» ብቻ ነው የሚያውቀው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ዳንኤል አለ? እዚያው ላይ ተስፋ ቆረጥኩ።

አቤል ቀስ ብሎ ስልኩን አወጣ። «አሁን እኮ አማርኛ የሚናገር ሌላ አለ» አለ። «አዲስ ነው፤ ምንም አይቆራረጥም። ጋሼ ምርቃቱን ይጻፉት፣ እሱ ያነበዋል።»

አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ጥቂት ቃላት ጻፈ። አንዲት ሴት «ልጄ ማህሌት፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ» አለች። ጥርት ያለች፣ ትሑት፣ ማጥበቅና ማላላቱን የምታውቅ ሴት። ባንክ ቤት ደውላችሁ የምትሰሟት ዓይነት። አባቴ እስከ መጨረሻው በአክብሮት አዳመጣት። ስልኩን ለአቤል መለሰና ደብተሩ ላይ ጻፈ።

«ጥሩ አማርኛ ነው። እኔ ግን አይደለሁም።»

ስንመለስ ስልኬ ላይ ያለችውን ቪዲዮ አስታወስኩ። «አባዬ፣ ይቺ እኮ አለች» አልኩት። ሚኒባሱ ውስጥ «ውሃ መጣ ወይ» አለ ድምፁ፤ አጠገባችን ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችን። ከእነዚያ ጥቂት ፊደላት ቆርጦ መገጣጠም ይቻል ይሆን ብዬ ነበር። አባቴ እስክሪብቶ አወጣና ፊደላቱን ጻፋቸው፣ አያቸው፣ እስክሪብቶውን መልሶ ከተተ። «ልጄ» እንኳ አይወጣቸውም።

«እኔ ላንብብልህ?» አልኩት። «አንተ ጻፈው፣ እኔ ከጎንህ ቆሜ።»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ከዚህ ነው የሚወጣው ማለቱ ነው። አስካለን የመሰለበት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። እኛ ግን ሙሽራዋን የምንሸኘው ከቤት ነውና ዮናስና ሚዜዎቹ አራተኛ ፎቅ ድረስ እየዘፈኑ ወጡ። ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞላ። ደረጃው ላይ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ። ነስሩም ጥግ ላይ ቆሟል። አባቴ አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። አንገቱን በሻሽ ሸፍነንለታል። ማህሌት ነገሩን የሰማችው ጠዋት ነው፤ ፊቷን የምትቀባት ልጅ ሁለት ጊዜ መድገም ነበረባት።

ሙሽሮቹ ጉልበቱን ሳሙ። ሁለቱም ተንበረከኩ። አባቴ አንድ እጁን ማህሌት ራስ ላይ፣ አንዱን ዮናስ ትከሻ ላይ አድርጎ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

የሚሰማው ከሻሹ ሥር የሚወጣው አየር ብቻ ነው። አንዱን ተናገረና ቆመ። ጠበቀ። ማንም ምንም አላለም። ምን እንደሚጠብቅ ያወቅኩት እኔ ስለሆንኩ «አሜን» አልኩ፤ ሰዉም ተከተለኝ። ፊቱ በራ። ቀጠለ። ቆመ። «አሜን» አልን። በሁለተኛው ጊዜ ማህሌትም ከሥር «አሜን» ስትል ድምፅዋ ተሰማ። እንደሚሆንልን አመንኩ። እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ያ ሁሉ ማሽን አያስፈልገንም ነበር ብዬ አሰብኩ።

ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረው። መሀል ላይ ቆመና አየር ለመሳብ ራሱን ቀና አደረገ። ከበሩ በኩል አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ በደስታ «አሜን፣ አሜን፣ አሜን» አለ። ምርቃት ሲያበቃ እንደሚባለው። አክስቴ አስካለ እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ሚዜዎቹ ዘፈኑን አነሱ፣ ታች ያሉት መኪናዎች ጥሩንባቸውን ነፉ፣ ሙሽሮቹን ከሁለት ጎን ይዘው አስነሷቸው። አባቴ ትንፋሹን አግኝቶ ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። «ቆዩ፣ አልጨረሰም» ብዬ ጮህኩ፤ እኔንም ማንም አልሰማኝም። እጁ ማህሌት ራስ በነበረበት ቦታ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው፣ አፉንም ዘጋ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ድንኳኑ ከወረደ በኋላ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አደረግኩለት። «የቀረውን ጻፍልኝ፣ እኔ እነግራታለሁ» አልኩት። ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን አልከፈተም። ነስሩ በነጻ ፈጣን አድርጎለት ነበር፤ እውነትም በርሮ ነው የሚነሳው። በደብተሩም የሚጽፈው የሚያስፈልገውን ያህል ሆነ፤ «ራበኝ»፣ «ይብራ»፣ «ይጥፋ»። በሽታው በሚቀጥለው ክረምት ተመለሰ፣ እንደ ፊተኛው አልቆየም። የቀበርነው ጭቃው ሳይደርቅ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምክር ትጠብቁኝ ይሆናል። ኮፒ አስቀምጡ እንዳልላችሁ ኮፒ ነበረን። ተጠንቀቁ እንዳልላችሁ አባቴ እጅግ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ክፉ ሰው እንዳልጠቁማችሁ ክፉ ሰው አልነበረበትም፤ ሁሉም ሊረዳን ነው የሮጠው። ፈልጌ ፈልጌ የምቆጣው ሰው አጣሁ፤ ለእኔ ዓይነቷ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔን የቀየረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ራሱን ሲነቀንቅ አላምነውም። ግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ መጥቶ «እሺ» ብሎ የሚነቀንቀውን ሠራተኛ «ምን ማለትህ ነው? ንገረኝ» እለዋለሁ፣ እስኪነግረኝም እጠብቃለሁ። ሰልፉ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

ማህሌት አንዳንድ ቀን ቤት ስትመጣ የሠርጉን ቪዲዮ እናየዋለን። እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ ድምፁን አጠፋዋለሁ። እልልታው ይጠፋል፣ ዘፈኑ ይጠፋል፣ ሰዉ ሁሉ እንደ አባቴ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ያኔ እሱ ደህና አድርጎ ይታያል። አንድ ነገር ይላል፣ ጠጋ ብለን እናያለን፣ ምን እንደሆነ አንለየውም፤ ካሜራው ወደ በሩ ይዞራል።

ማህሌት እዚያ ላይ «አሜን» ትላለች። እኔ አልልም። አልጨረሰማ።